የአማቴ ድምፅና የቤቴ ኮምፒዩተር

እኛ የእንጅባራ ሰዎች ቤት መጠበቅ አያቅተንም። አጥር እናጥራለን፣ በር ቆርቆሮ እናለብሳለን፣ ቁልፉን ቆልፈን ከሄድን በኋላ እንኳ ተመልሰን እንነቀንቀዋለን። የማናውቀው ሰው ደጃፋችን ላይ ቢቆም የማን ዘመድ እንደሆነ ሳንጠይቅ አናስገባም። ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ። የመጣውን ሁሉ «እሺ» እያልን እናሳልፋለን። እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን እንዲያ ነበርኩ።

ኮምፒዩተሬ ውስጥ የነበረው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አማቴ አያ ፈንታሁን ፈረስ አዋቂ ነበሩ። የፈረሱን ቀለም፣ አረማመዱን፣ የኮርቻና የልጓሙን ዕቃ ሁሉ በአዊኛ እየጠሩ በአማርኛ ሲያስረዱኝ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ድምፃቸውን ቀድቻለሁ። አምና አረፉ። ለሙት ዓመታቸው ከቃላቸው የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ ላሳትም ተነሣሁና ፍላሼን ይዤ ዳንግላ፣ ወይዘሮ ጥሩዓለም ከሚባሉ የማተሚያ ቤት ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። ናሙናውን አተሙልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ቤቴ ገብቼ ፍላሹን ስሰካ የፎልደሮቹ ሁሉ ምስል ላይ ትንሽ ቀስት በቅላለች። ብጫናቸው አይከፈቱም። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ። የአማቴ ድምፅ ያለበት ፎልደርም ቀስቱን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ ውስጡ ምንም የለም። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ባለቤቴ አንጓች ከጓሮ ስትገባ ፊቴን አይታ ማን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አባትሽን ሁለተኛ ቀበርኳቸው ልበላት?

እየሮጥኩ ጎረቤታችንን አስካለን ጠራኋት፤ የኮምፒዩተር መምህርት ናት። መጀመሪያ ያደረገችው እጄን ከኮምፒዩተሩ ላይ ማንሣት ነበር። ቫይረስ ነው አለች፤ ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው አስመሳዮችን ያስቀምጣል እንጂ አላጠፋቸውም። ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ጻፈች። የተደበቁት ፋይሎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ሲሉ ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኳቸው። አንዱን ተጫነችው። ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎም፦

«ይኼ ነገር እየሰማ ነው? እንግዲያስ ልጀምር።»

አንጓች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔ ባለሁበት ዘለልኩ። በዕድሜዬ እንዲያ የዘለልኩበትን ቀን አላስታውስም። አስካለ ቫይረሱን አጽድታ፣ አዲስ መከላከያ ጭና፣ ሁሉንም ለብቻው በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ገልብጣልኝ ሄደች።

ደስታዬ ሲበርድ ቁጣዬ ተነሣ። በማግስቱ ጠዋት ዳንግላ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ንግግሬን ስደረድር ነበር፤ ጋሪ ላይ ደግሞ አሳመርኩት። ማተሚያ ቤቱ ገብቼ ደንበኞች እየሰሙ፣ በሽተኛ ኮምፒዩተር ይዞ ሰው ማገልገል ነውር እንደሆነ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ወይዘሮ ጥሩዓለም እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ የኮምፒዩተራቸውን መስኮት ወደኔ አዞሩት።

«ያን ዕለት ፍላሽዎ ሲሰካ ይኼው መከላከያችን ቫይረሱን ያዘ። አጸዳሁልዎና የቤትዎን ኮምፒዩተር ያስመርምሩ አልኩዎ። እርስዎ ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው እያሉ ወጡ።»

መዝገቡ ላይ ቀኑ አለ፤ የመጽሐፌም ስም አለ። ያኔ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የሚያምር የአማርኛ የፊደል ቅርጽ በነፃ አገኘሁ ብዬ ከኢንተርኔት ሳወርድ መከላከያው አስጠንቅቆኝ ነበር። ሰላም ስለነሳኝ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ድምፁን ጽፌ ስለጨረስኩ ፎልደሩንም ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ንጹሑን ፍላሽ የበከለው የራሴው ኮምፒዩተር ነው።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መጽሐፏ ላይ ስምዎን በምስጋና ልጻፍ ብልም አልፈለጉም።

«ስሜን ይተዉት። በነዚህ ወራት ፍላሽዎን የሰኩበት ሰው ካለ ግን አሁኑኑ ይደውሉለት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ መጀመሪያ፣ ከወር በፊት ፍላሼን ኮምፒዩተሩ ላይ ለሰካሁበት ለእድራችን ጸሐፊ ደወልኩ። የአባላቱ ዝርዝር እንደጠፋበት፣ ወር ሙሉ እንደተጨነቀ ነገረኝ። እንዳልጠፋ፣ እንደተደበቀ ብቻ፣ አስካለም እንደምታወጣው ስነግረው በደስታ ጮኸ።

«እኔ እኮ» አለኝ፣ «የእድሩን ደረሰኝ ያሳተምኩባትን ያቺን የዳንግላ ማተሚያ ቤት ስረግም ነው የከረምኩት!»

የስልኬ ድምፅ ከፍ ያለ ነው። ወይዘሮ ጥሩዓለም ቀና ብለው አዩኝና የመጽሐፌን የመጀመሪያ ገጽ ማተም ጀመሩ።