በባሌ ስም የተለካ ክንዴ

በእኛ ቀበሌ ሰው የሚቆጠረው በነፍስ ወከፍ አይደለም፤ በቤት ነው። ስኳር ለአንድ ቤት፣ ለስብሰባ ከአንድ ቤት አንድ ሰው፣ የዘመቻ ሥራም እንዲሁ። ቁጥሩ ይሙላ እንጂ ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ባሌ ሰይድ ሱቁ ውስጥ ተደላድሎ ሲቀመጥ፣ ልጅ አዝዬ ከስብሰባ ስብሰባ የምዞረው እኔ ነኝ። ምኑ እንደሆነ ላልገባኝ ነገር ስንቴ እጄን አውጥቼለታለሁ መሰላችሁ!

አንድ ቀን ከደብረ ሲና ድሬሰር ወርዶ የደም ግፊት ሊለካ ነው፣ አርባ ዓመት የሞላው አባወራ ሁሉ ይቅረብ ተባለ። ደስ አለኝ። የሰይድ አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አንድም ቀን ሳያማቸው የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው እንደተቀመጡ ነው የቀሩት። ሰፈሩ “ዓይን በላቸው” አለ። የእኔ ዓይን ግን ከዚያ ወዲህ ከሰይድ ሳህን አልተነቀለም። የበግ ላት አቅልጦ ገንፎው ላይ ካላንሳፈፈ በላሁ አይልም፤ ጨውማ በጭብጡ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሐዋን ታቅፌ፣ ባል ልቅበር?

“ሂድና ተለካ” አልኩት።

“አንቺ የሐዋ እናት፣ የታመመ ሰው እንዲህ ያለ ቦርጭ አለው? ይልቅ እንደ ስብሰባው አንቺው ሂጂልኝ።”

ድሬሰሩን ለምኜ ቤት ድረስ አመጣዋለሁ ብዬ ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ “የሰይድ ቤት፣ ቀርቧል” አለና ካርዱ ላይ ስሙን ጻፈ።

“ጋሼ፣ የሚለካው ደም እኮ የእሱ ነው” ብለው፣

“እህቴ፣ ሰልፉን አታበላሺ!”

ክንዴን ለመለኪያው ጨርቅ ሰጠሁ። ድሬሰሩ ነፋ፣ አስተነፈሰ፣ እንደገና ነፋ። ፊቱ ጠቆረ። “ከፍ ብሏል። ግፊት ሳያም ነው የሚገለው፤ ጨውና ጮማ ይቀነስ፣ በወሩ ይለካ” ብሎ ጻፈ።

ሰይድ ፊደል አልቆጠረም። እኔ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል እየተንተባተብኩ አነበብኩለት። ገና የራሱን ስም ሲሰማ ላብ አጠመቀው። “ወላሂ፣ ከትናንት ጀምሮ እኮ ማጅራቴን ጨምድዶ ይዞኛል!” አለ። ሚስቱን ያላመነ ሰው ወረቀት አመነ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ። ወር ሙሉ ላት ቤታችን አልገባም፤ ማሾ ወጥ፣ እሱም ጨው የናፈቀው።

በወሩ ራሱ ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ እየተንጨረጨረ ነው፤ በእጁ ትልቅ ላት አንጠልጥሏል።

“ካለፈው በጣም ብሷል አሉኝ! ላት ብተው ባሰብኝ! ነይ አቅልጪ!”

ከዚህ በላይ ዝም ማለት ነፍስ ማጥፋት ነው። “ያለፈው የእኔ ነበር” አልኩት። “ያንተ የዛሬው ነው።”

ቆሞ አፈጠጠብኝ። ከዚያም ከልቡ ተገርሞ፣ “ቆይ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ምን ሆነሽ ነው ግፊት የያዘሽ?”

ላቱን እንዳንጠለጠለ ነው እኮ የጠየቀኝ!

አሁን ካርዳችን ሁለት፣ ድስታችን አንድ ነው። የቀበሌው መዝገብ ላይ ግን ከእኛ ቤት የታመመው አሁንም አንድ ሰው ነው።