ሠራዊት የሌለው አገር ወታደር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አይስላንድ ነበርኩ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ብርዱ ግን እውነተኛ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በረዶ ላይ ወንበር ዘርግታ ተቀምጣለች። የአገሩ ባለሥልጣናት ፋይላቸውን ታቅፈው ከፊቷ ተሰልፈዋል፤ ሽንት ቤት የሄዱትም በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠዋል። ማኅተም በአንገቱ ያንጠለጠለ በግ ተራ ያስከብራል።

አንድ ሚኒስትር ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ።

«እማማ፣ እኛ ወታደርን ‹ዳቲ› እንላለን። ቃሉ ከየት እንደመጣ ይፈለግልን።»

«ነገ ተመለሱ።»

«ትናንትም ነገ ብለውን ነበር።»

«እንግዲያው ከነገ ወዲያ።»

አፍሬ ጎኗን ነካ አደረግኳት።

«ተወኝ እስቲ፤ እኔስ ስምንት ወር ምን ስባል ነው የከረምኩት?» አለችኝና ወደ ሚኒስትሩ ዞረች። «ለመሆኑ ስንት ወታደር አላችሁ?»

«አንድም። ሠራዊት የለንም፤ ያለን ቃሉ ብቻ ነው።»

«የማንም ልጅ ካልሆነ ምን አስለፋችሁ?»

ሚኒስትሩ ቅር አላቸው። «አፋችን ውስጥ የሚኖር ነገር ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ እንተኛለን እንዴ?»

ቃሉን በቃሬዛ አመጡት። ከወገቡ በላይ የለም። በጉ ከመዝገብ አነበበ፤ «ሙሉ ስሙ ሶልዳቲ። ከዴንማርክ በመርከብ የገባ። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ፊቱ ተቆርጦ ቀረ።» የተቆረጠውን ፍለጋ ጠላቂዎች ባሕሩን ሲያስሱ ከርመዋል አሉ።

እናቴ ብድግ አለች።

«ለግማሽ ቃል ይህን ያህል ከደከማችሁ የእኔንም ልጅ ፈልጉልኝ። አስር አለቃ ስንሻው ይመር። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

መታወቂያ የጠየቃት የለም። ማመልከቻሽ ቴምብር ይጎድለዋል ያላትም የለም። በጉ ማኅተሙን ጥሎ ሮጠ። ባለሥልጣናቱ በረዶው ላይ ተበትነው የወንድሜን ስም ከነአባቱ እየጠሩ ሄዱ። እኛ ያመለከትንበት መሥሪያ ቤት በስምንት ወር ውስጥ ስሙን አንዴ እንኳ አልጠራውም፤ «ጉዳዩ» ነው የሚለው።

ከሩቅ አንድ ሰው «አገኘ...» ሲል እናቴ ቀሰቀሰችኝ።

ነግቷል። ተላላኪ ያመጣውን ደብዳቤ ይዛ አልጋዬ ጫፍ ቆማለች።

«ተነስ፣ አንብብልኝ።»

ቁጥርም ቀንም ማኅተምም አለው። ‹ጠፉ የተባሉት ወታደር መጥፋታቸው የሚረጋገጠው ራሳቸው በአካል ቀርበው ሲፈርሙ ብቻ መሆኑን እናስታውቃለን።›

እንዳለ አነበብኩላት። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስንት ሰዓት ላይ ይመጣል ይላል?» አለችኝ።