ላሊሶን ከዝርዝር ማውጣት

ስም ወደ ዝርዝር ማስገባት ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ሰው ሲዳር፣ አዲስ ጎረቤት ሲመጣ፣ ደስ እያለን እንጽፈዋለን። ማውጣት ግን ሌላ ጥበብ ነው። ምስር የሚለቅም ሰው ይህን ያውቃል፦ ጠጠሩን ለማግኘት ዓይን ይበቃል፤ ምስሩን አብሮ ላለመጣል ግን ልብ ያስፈልጋል። እኔ ዓይን ነበረኝ።

በሶዶ ከተማ ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ይፈሩኝ እንደ ነበር አልክድም፤ ዛሬም ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። የሰፈራችን ሰዎች የጊፋታ ቅርጫ ጸሐፊ አድርገው የሾሙኝም በዚሁ ጠባዬ ምክንያት ይመስለኛል። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ሰፈርተኛው ዓመቱን ሙሉ ሲያዋጣ ይከርምና በመስከረም በሬ ገዝቶ ያርዳል። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ እኩል ይመደባል፤ ጸሐፊው ከዝርዝሩ ስም ይጠራል፤ የተጠራ መደቡን ያነሣል። ቀድሞ አንዳንድ ችኩል ሰው ሳይጠራ ጎድን እያማረጠ ያስቸግር ስለ ነበር፣ «ስሙ ያልተጠራ መደብ አይነካም» የሚል ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሕጉን እባካችሁ አትርሱት። እኔ ረስቼው ነበር።

በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት ከማኅበሩ የተለዩትን ሰዎች በቀይ እስክሪብቶና በማስመሪያ እሰርዛለሁ። ዘንድሮ የሚወጡት ሦስት ነበሩ። ጎረቤታችን ላሊሶ ባለፈው ክረምት ዐረፈ፤ ሳና ቤቱን ሸጦ ወደ ዲምቱ ሄደ፤ ማርቆስ ደግሞ ሻንቶ ከተማ ሄዶ ከወንድሞቹ ጋር መካፈል መረጠ። በዚያው በግቢያችን የምትኖረውና በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምረው ምራቴ ጸሐይ፣ በቀይ መስመር የተዥጎረጎረውን መዝገቤን አይታ፣ «አባባ፣ ይህን እኮ ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል» አለችኝ። ሦስት ቀን ተቃወምኩ። በአራተኛው አመንኩ። ዘግይቶ ያመነ ሰው ደግሞ፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ከሰባኪው ይብሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአባላቱ ሁሉ ስም በአንድ ፋይል፣ የሚወጡት ስም በሌላ ፋይል ይጻፋል። ከዚያ ሼል በሚሉት ጥቁር መስኮት ውስጥ አንድ መስመር ትእዛዝ ይሰጣል። ማሽኑ ትልቁን ዝርዝር መስመር በመስመር ያነባል፤ በመስመሩ ውስጥ ከሚወጡት ስሞች አንዱን ካገኘ መስመሩን ይተዋል፤ ካላገኘ ወደ ሦስተኛ ፋይል ያሻግራል። አድልዎ የለ፣ ይሉኝታ የለ፣ ማጉረምረም የለ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ተማሪ ስፈልግ ኖሬአለሁ።

«የሚወጡትን ከነአባታቸው ስም ልጻፍ?» አለችኝ ጸሐይ።

«ላሊሶ ማለት ላሊሶ ነው። በዚህ ሰፈር ሁለተኛ ላሊሶ የለም።»

«ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ ቢያዩት ግን…»

«የሚታረመው የሰው ጽሑፍ ነው፤ አትሚ» አልኳት።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በፊት በሬው ታረደ። ሥጋ በመቁረጥ በሰፈሩ አቻ የሌለው አቶ ጎበና ቢላዋውን እየሳለ ስንት መደብ እንደሆነ ጠየቀኝ። የወረቀቱን የመጨረሻ ቁጥር አይቼ «ዐሥራ አራት» አልኩት። ከሃያ አራት አባላት ሦስት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለስንት ትውልድ ያስተማርኩ ሰው፣ የዚያን ዕለት አነበብኩ እንጂ አልቀነስኩም። የታተመ ወረቀት ፊት ሰው ያለ ልማዱ ትሑት ይሆናል።

መደቦቹ ተራራ አከሉ። ጎበና ራሱ ወደ ኋላ ሸሽቶ አያቸውና፣ «እንዲህ ያለ በሬ ከቢጠና ገበያ ወጥቶ አያውቅም፤ የመረጠውን ሰው ዓይኑን ይባርክለት» አለ። ከመረጡት ሰዎች አንዱ እኔ ስለ ነበርኩ ምርቃቱን በጸጥታ ተቀበልኩ። ከዚያም መነጽሬን አድርጌ ስም መጥራት ጀመርኩ። የተጠራው ሁሉ ሳፋውን እየሞላ፣ «ዮ ዮ ጊፋታ» እየተባባለ ሄደ። ዐሥራ አራተኛውን ስም ጠርቼ ወረቀቱን ሳጥፍ፣ በቅጠሉ ላይ የቀረ ሥጋ አልነበረም። ሰባት ሰው ግን ቀርቶ ነበር።

ከሰባቱ አራቱ የላሊሶ ልጆች ናቸው፤ ሦስት ወንዶችና ገበያ ላይ ቅቤ የምትነግደው አበበች። ሁሉም ትዳር ይዘው የየራሳቸው መደብ ያላቸው ናቸው። ያለ አባታቸው የሚያከብሩት የመጀመሪያው ጊፋታ ነበር። በዚያ ቀን ባዶ ሳፋ ይዞ ቤት መግባት የረሃብ ጉዳይ አይደለም፤ ሰፈሩ «አንተ የእኛ አይደለህም» ብሎ እንደ መሸኘት ነው። የአበበች ልጆች ደግሞ በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር።

አበበች ባዶ ሳፋዋን ወገቧ ላይ አስደግፋ ቀረበችኝ።

«መምህር፣ አባታችንን ክረምት ላይ ቀበርነው። እኛን መቼ ነው የቀበሩን?»

ወረቀቱን ዘርግቼ ስማቸውን ፈለግሁ፤ የለም። ጎበና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሲያነብ ቆየና፣ «የእርስዎስ የት አለ?» አለኝ።

የእኔም አልነበረም። ስሜ ማቴዎስ ሳና ይባላል።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ የአባቱን ስም ከስሙ ቀጥሎ ተሸክሞ ይኖራል። ማሽኑ ላሊሶን ፈልግ ተባለ፤ «አበበች ላሊሶ» በሚለውም መስመር ላይ አገኘው፤ አወጣ። ማርቆስ ሲወጣ በሰፈሩ የቀሩትን ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ወጣ። እኔንም በሟች አባቴ ስም ይዞ ከጎረቤቴ ጋር ዲምቱ ልኮኝ ኖሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እኔ ብብቱንም ባለብብቱንም ጥያለሁ።

«ስሙ ያልተጠራ መደብ አይነካም» አለ ጎበና ቢላዋውን እየወለወለ፤ «የማን ሕግ ነበር?»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ጸሐይ ሁካታውን ሰምታ ከቤት ስትወጣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። «ጠይቄዎት ነበር» አላለችም፤ ብትል ይቀለኝ ነበር። ስለዚህ ራሴ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። እነዚህን ሦስት ቃላት በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አንድ ጊዜም አልተጠቀምኩባቸውም፤ ስለዚህ አላረጁም ነበር፤ ሠሩልኝ።

የተጠሩት ጎረቤቶች ሳይለመኑ ሳፏቸውን ይዘው ተመለሱ። ያን ጊዜ አሮጌው ሙያዬ ደረሰልኝ። ዐሥራ አራቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው ከመደባቸው ሲሶ ቢያነሡ፣ የሁለት ቤት ሲሶ ተደምሮ ለሰጪው ከቀረለት ጋር እኩል የሆነ አንድ መደብ ይሆናል፤ ሰባት አዲስ መደብ ይወጣል፤ ሃያ አንዱም ቤት እኩል ይሆናል። ክፍልፋይ እንዲህ በሥጋ ተገልጦ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጎበና ቆረጠ፤ ሁለት ሁለት ጎረቤት አንድ አንድ መደብ ወለደ። «በሬው እንግዲህ እንደ አምናው በሬ ነው» አለና ምርቃቱን መልሶ ወሰደ።

አበበች ሳፋዋ ሲሞላ አየችው። «የእኔ ከሁለት ቤት ነው የመጣው» አለች፤ «ለከርሞም ባይጠሩኝ ይሻለኛል።» ወንድሞቿ ሳቁ። እኔም፣ በምስክር ፊት ቢሆንም፣ ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ጸሐይ የሦስቱን ሰዎች ስም ከነአባታቸው ጻፈች፤ በትእዛዙም ላይ አንዲት ፊደል ጨመረች። ትርጉሟ «መስመሩ ሙሉ በሙሉ ካልገጠመ አትንካ» ማለት ነው አለችኝ። ማሽኑ ውጤቱን በሌላ ፋይል ላይ ስለሚጽፍ ዋናው ዝርዝር እንደ ነበረ ነበር፤ በዚህ ከቀይ እስክሪብቶዬ እንደሚሻል እመሰክራለሁ። ሃያ አንድ ወጣ። በጣቴ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት።

በአዲሱ ወረቀት ላይ ላሊሶ የራሱ መስመር የለውም፤ ስሙ ግን አራት ቦታ ተጽፏል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን እንደ ጌጥ ንግግር አድርጌ ስሰማው ኖሬአለሁ። ለካ የመዝገብ አያያዝ መመሪያ ነው።

ማታ ራት ላይ ጸሐይን አንድ አደራ አልኳት። የእኔ ተራ ሲደርስ ስሜን ከነአባቴ አሟልታ እንድትጽፍ፣ አንዲቷንም ፊደል እንዳትረሳ። እንደማትረሳ አውቃለሁ። በቦታዬ የሚተካው ስሜን ከስሙ ቀጥሎ የተሸከመው ባሏ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥጋ ይወዳል።