የማይሮጠው ኬንያዊ

እኔ ምላችሁ፣ ኬንያዊ ሆናችሁ ሱሉልታ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። የሚኒባስ ረዳቱ ዛሬ ልምምድ የለም እንዴ ይላችኋል። ልጆች እንሽቀዳደም ብለው ይከተሏችኋል። እኔ ደግሞ የነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ። ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው፤ የእኛ ሰፈር ሰው ዓሣ ያጠምዳል እንጂ አይሮጥም። ምን ያደርጋል፣ እግሬ ቀጭን ነው። በዚህ እግር ማን ያምነኛል?

ከምማርበት ኮሌጅ ወረድ ብሎ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከድርም አላመኑኝም። ተማሪ ነኝ ስላቸው፣ ይሁን፣ ጠዋት ትሮጣለህ፣ ከዚያ ትማራለህ አሉኝ። ስሜ ኦቲየኖ ነው ብልም ምላሳቸው ላይ አልቆም አለ። «አትሌት ይሻላል» ብለው ዘጉት። ደጃፋቸው ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ያስቀምጡኛል፤ ለጉልበትህ ብለው ሙዝ ይሰጡኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? የምሄደው ለሙዙ አይደለም፣ ለጨዋታው ነው።

የኮሌጅ ቅዳሜን ስለማታውቁ ትስቁብኝ ይሆናል። ዓርብ ከሰዓት የክፍሌ ልጆች አንዱ ወደ ቡራዩ፣ ሌላው ወደ ሰበታ ይበተናሉ። አይዞህ፣ ሰኞ እንገናኛለን ይሉኛል። መኝታ ክፍሉ ውስጥ እኔና የሚንጠባጠበው ቧንቧ እንቀራለን። ይጨንቃል፣ በጣም ይጨንቃል።

ለገና ዕረፍት ግቢው ጭር ባለበት ሳምንት ታዲያ ጉንፋን ጣለኝ። ተኛሁ። በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ፤ ዓይኔን ያስለቀሰው ጉንፋኑ ነው ብዬ አመካኘሁ።

ሲሻለኝ ወደ ሱቁ ወረድኩ። ጋሽ ከድር ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሳጥኑም አልተገለበጠም። ለካ ስጠፋባቸው ሱቃቸውን ዘግተው፣ ብርቱካን ይዘው ኮሌጁ በር ድረስ መጥተው ነበር።

«አትሌቱን ጥሩልኝ ብል፣ እዚህ አትሌት የሚባል የለም ብለው መለሱኝ» አሉ። «ምነው፣ እንዳልመጣብህ ነው?»

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ትላላችሁ አይደል? የእኔ መድኃኒት ከበር ተመለሰ።

በንዴት ወደ ኮሌጁ ጥበቃ ወደ ኦቦ ገመቹ ሄድኩ። በስንት ጊዜ አንድ ጠያቂ ቢመጣልኝ እንዴት ይመልሱብኛል አልኳቸው። እሳቸው እቴ! ምንም አልመሰላቸውም።

«ሰውየው አትሌት አሉኝ። አንተን በምን ልጠርጥር? ደረጃ ስትወጣ እንኳ ታለከልካለህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ከድርን ለምኜ ታረቅን፤ ሳጥኑም ተገለበጠ። እኔ ግን ይኸው በየማለዳው በኦቦ ገመቹ ፊት ግቢውን እዞራለሁ። ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ጎኔን ይወጋኛል። «በቃህ፣ አትሌት» ብለው እስኪጠሩኝ ድረስ አልቆምም። ደግሞ የታመምኩ ዕለት ብርቱካኑ ከበር ይመለስብኝ?