የምትሳለመው መኪና

ወንድ ልጅ መኪናው ስትታመም አያምንም! ራሱን ካመመው ሐኪም ቤት ይሮጣል፤ መኪናዋ ወደ ጎን ስትጣመም ግን «መንገዱ ነው» ብሎ ይምላል። ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ... ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ደባርቅ አስተምራለሁ፤ አንዲት አሮጌ የቤት መኪናም አለችኝ። አመሏ አንድ ነው፦ መሪዋን ከለቀቋት ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ጎሚስታው የፊት ጎማዎቿን ፈትቶ አሳየኝ። በውጭ በኩል አዲስ ይመስላሉ፤ በውስጥ በኩል ሙልጭ ብለው አልቀዋል።

«ጎንደር ወርደህ ጎማዎቿን የሚያቀና አላይመንት አሠራ፤ አለዚያ ጎማ ስትበላ ትኖራለች» አለኝ።

«ትብላ! እኔ መሪውን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ» አልኩት። አያችሁልኝ ብልጠቴን?

ታዲያ አንድ ቀን ዳባት የሚኖሩት መሪጌታ ጥበቡ ደባርቅ ጉዳይ ገጠማቸውና «እኔ ላመላልስዎት» አልኩ። ደግነት አይምሰላችሁ። ልጃቸውን ትርንጎን ላገባ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። እሷ እሺ ብላለች፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሰውን የሚመዝኑት በሃይማኖቱ ነው።

ጠዋት ዳባት ሄጄ ይዣቸው ስመለስ፣ መንገድ ዳር ካለችው ቤተክርስቲያን ደረስን። መንፈሳዊነቴን ላሳይ ብዬ ባንድ እጄ ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ በሌላው አማተብሁ። መሪውን ማን ያዘው? እግዜር ብቻ! መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤተክርስቲያኗ በር ታጠፈች። ደንግጬ ፍሬን ያዝሁ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ?» አሉ መሪጌታ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ግን... «የኔታ፣ ጸበል ካስረጨኋት ወዲህ ሳትሳለም አታልፍም!»

«ዕፁብ ድንቅ! ባለቤቷስ እንዴት ያለ ቢሆን ነው?» አሉ። ደባርቅ እስክንገባ በልቤ ሠርጉን ደግሼ ጨርሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዳባት ስንመለስ ግን ቤተክርስቲያኗ በግራ ሆነች! በቀኝ በኩል፣ ልክ ፊት ለፊቷ ያለው፣ አረቄ ቤት ነው። መሪውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ላልፍ ስል መሪጌታ አዩኝ።

«ምነው ልጄ? አማትብ እንጂ!»

ባንድ እጄ አማተብሁ።

«ኮፍያህንስ?»

ምን ላድርግ? አወለቅሁ። መኪናዋም አመሏን አልረሳችም፤ ወደ ቀኝ ታጥፋ የአረቄ ቤቱን አግዳሚ ወንበር ገጭታ ቆመች። ጠጪዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «የኔታ፣ ይግቡ! ይግቡ!» አሉ።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «እዚህስ ማንን ልትሳለም ነው?»

ተናዘዝሁ። ጎሚስታውን፣ አላይመንቱን፣ ስንፍናዬን... አንድም አላስቀረሁ። መሪጌታ ወረዱና መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ የጎማውን የውስጥ በኩል በጣታቸው ዳበሱት።

«ከውጭ ደህና፣ ከውስጥ ያለቀ። አንተም እንዲሁ ነህ?»

እፍረቱ አንገቴን አስደፋኝ። «የኔታ፣ ስለ መኪናዋ ዋሽቻለሁ። ትርንጎን ግን ከልቤ ነው የምወዳት።»

መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መኪናዋ ተመለሱ። ዳባት አደረስኋቸው።

በማግሥቱ ጎንደር ወረድሁ። አላይመንት አሠራሁ፤ ጎማም ቀየርሁ። ከዚያ ሽማግሎቼን በላክሁ ጊዜ የጋራዡን ደረሰኝ አስያዝኋቸው። አዎ፣ ለሽምግልና ደረሰኝ! መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው፣ ማኅተሙ ሳይቀር፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት አሉ።

«መልካም ነው» ብለው ደረሰኙን አጣጠፉት። «ልጄን ፈቅጄለታለሁ። ሙሽራዋ ግን በበቅሎ ትሄዳለች።»