በየካ ለፓስወርዶቻችን ጠባቂ የሾምሁበት ታሪክ

በዘመነ ዮሐንስ፣ ባቡሩ በመገናኛ ማለፍ በጀመረበት፣ ኢሕአዴግም በነገሠ በሃያ አምስተኛው ዓመት፣ የየካ ሚካኤል ታቦት ከጥምቀት በተመለሰ ማግሥት፣ ልጆቼ በገዛ ሳሎኔ ጉባኤ ተቀምጠው እኔን የሺሃረግን፣ የኃይሉን ሚስት፣ የቤቱን ባለቤት፣ ምን ትያለሽ ያለኝ የለም። አልተማረችም ተብዬ ነው። ይሁን። ይህን የልጅ ልጄ ፌበን ትጽፋለች፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ነገሩም እንዲህ ሆነ። ሌባ የልጄን የሃይማኖትን ፌስቡክ ማርኮ፣ በስሟ ለማኅበሯ ሰው ሁሉ «የሞባይል ካርድ ላኩልኝ» እያለ ሲለምን ከርሞ ነበርና፣ አልበሙንም የክረምት ዝናብ በልቶት የሟቹ የኃይሉ ፎቶ የተረፈው በእርሷ ኢሜይል ውስጥ ብቻ ነውና፣ ያም ከተማረከ ባሌን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ፤ በስተቀኝ የበኩር ልጄ አካሉ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከረባቱን ያላወለቀ፤ በስተግራ ሃይማኖት፣ ዐይኗ ያበጠ፤ በመካከል ፌበን፣ መገናኛ ሰፈር ካለ ቢሮ የምትሠራ፣ ቻርጀር የታጠቀች፤ ከአጥር ማዶም ጎረቤቴ ታደለች፣ ያልተጠራች፣ ጆሮዋን የሳለች።

ፌበንም የቤተሰቡን ፓስወርድ ሁሉ በአንድ ዋና ቁልፍ ቆልፈው የሚጠብቁ ሦስት አፖችን በስልኳ አቀረበች። ቀዩ በነጻ እየጠበቀ ማስታወቂያ የሚጮኽ ነበርና ወዲያው ተባረረ። ሰማያዊው ለስላሳ ነው፤ «ቁልፉን ብትረሱ ጻፉልን፣ እኛ እንከፍትላችኋለን» ይላል። ጥቁሩ ደረቅ ነው፤ «ከረሳችሁ እኛም መክፈት አንችልም» ብሎ ዝም።

አካሉም ተነሥቶ «እማዬ ትረሳለች፤ ስለዚህ ሰማያዊው ይሁን» ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ጉባኤውም አጨበጨበ።

ያን ጊዜ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሥቼ የእኔን አዋጅ አስነገርሁ፦ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ። ለእኔ የሚከፍት ለራሱም ይከፍታል። ቁልፉ እርሱ ዘንድ ካለ እኔ ምኑን ቆለፍሁት? ጥቁሩ ተሹሟል። የረሳሁ እንደሆነ የሴቶች ዕድራችን ሣጥን እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ፤ ቁልፎቹ በየሰዉ እጅ ናቸው፣ ሁሉ ካልተገናኘ አይከፈትም። የእኛም ቁልፍ በወረቀት ይጻፍ፣ ለሁለት ይቀደድ፤ እኩሌታው ለአካሉ፣ እኩሌታው ለሃይማኖት። ከፋሲካ ወዲህ ተኳርፈዋልና ሳይታረቁ አይከፍቱትም።»

ፌበንም ስልኳን ዝቅ አድርጋ ብታነብ፣ ሰማያዊው የሰዉን ሁሉ ቁልፍ በእጁ እንደሚያኖር ከግርጌ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ አገኘች። ጉባኤውም ጥቁሩን ተቀበለ። ሃይማኖት «ዋናው ቁልፍ ሚካኤል ይባል» አለች፤ ከለከልኋት፤ በየካ ሌባውም የሚምለው በሚካኤል ነው። የማይዛመዱ ቃላት ደርድሬ ለፌበን አንሾካሾክሁላት፤ ታደለችም አጥሩን ገፍታ ገፍታ አንዲት ቃል ሳትሰማ ባዶዋን ወደ ቤቷ ገባች። የኢሜይሉም ፓስወርድ ሰው በቃሉ በማይይዘው ተለውጦ፣ ኃይሉ እነሆ በጥቁሩ ጥበቃ ሥር ዐርፏል።

ከእንጦጦ ጫፍ እስከ መገናኛ አደባባይ፣ ባለ ዲግሪዎች ያጨበጨቡለትን ሽራ ማንም ያልመረጠውን የሾመች፣ የሙት ባሏን ፊት ከሌባ እጅ ያስጣለች ማን ናት? እኔው ነኝ።

አንተ ግን አካሉ፣ የሁሉ ነገርህ ፓስወርድ ስልክ ቁጥርህ መሆኑን፣ ቁጥሩም «የሚከራይ ክፍል አለ» ከሚለው በታች በውጭ በርህ ላይ በቀለም መጻፉን ደርሼበታለሁ። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀይር። እስክትቀይር ድረስ የአባትህ ፎቶ ወደ ስልክህ አይገባም።