የአቶ ዊልበር ዝምታ

በዓለም ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ ሁለት ካፒቴን አለው። አንደኛው መሪውን ይይዛል። ሁለተኛው ደግሞ ከፍሎ ይሳፈርና መሪ እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳል። በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ፖርት ክሊንተን ወደብ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ የሚመጡ እንግዶችን የሚያሳፍር ካፒቴን ስታገኙ ስለ ሁለተኛው ጠይቁት። መጀመሪያ ሰማይ ሰማዩን ያያል፣ ቀጥሎ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ አንድ ስም ይጠራል።

ካፒቴን ሮዌና ኮቫች የምትጠራው ስም ክቡር አቶ ዊልበር ስታምፍ የሚል ነው።

አቶ ዊልበር የፊንድሌይ ከተማ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሸጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ መሸጡን ተዉ እንጂ ማሳመኑን አልተዉም። ሰኔ ሲገባና ዓይኑ እንደ ብርጭቆ የሚያበራው ዎልአይ የሚባል ዓሣ በሐይቁ ውስጥ ወዳሉት ደሴቶች ሲጠጋ፣ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ሮዌና ጀልባ ይጠጋሉ።

"ሮዌና፣ ሰውዬሽ መጣልሽ!" ይላል የጎረቤት ጀልባ ካፒቴን፣ ሳቁን እያፈነ።

"ሞታለች በለው" ትላለች ሮዌና፣ ገመዱን እየፈታች።

አቶ ዊልበር ሁልጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ጣልቃ መግባቴ አይደለም፣ ግን…" ይላሉ። ከዚያ እስከ አንገታቸው ይገባሉ።

"ጣልቃ መግባቴ አይደለም ካፒቴን፣ ግን ሞተርሽ ጉንፋን ይዞታል።"

"ጣልቃ መግባቴ አይደለም፣ ግን ትሉን በራሱ በኩል ነው እንዴ መንጠቆው ላይ የምትሰኪው? እኛ ፊንድሌይ በጅራቱ ነው።"

"ፊንድሌይ ሐይቅ አለ እንዴ አቶ ዊልበር?"

"ሐሳብ አለ።"

ሮዌና ደንበኛ ናቸውና "እርስዎ" እያለች፣ ጥርሷን ነክሳ ታስተናግዳቸዋለች። አንድ ጊዜ የጥበቃ ጀልባ አስቁሟቸው፣ የያዙትን ዓሣ ሊፈትሽ የመጣው ተቆጣጣሪ ከአቶ ዊልበር የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማጣሪያ እንዴት እንደሚጸዳ ተምሮ ሄዷል። ሌላ ጊዜ ጀልባዎቹን ሊባርኩ የመጡትን ቄስ፣ "አባ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይርጩ" ብለው መከሯቸው። ቄሱ አልሰሙም፤ የተባረከው ውኃ ተመልሶ የራሳቸውን መነጽር አጠበው። የሚያበሽቀውም ይኸው ነው፤ አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ።

የዚያን ዕለት ከአቶ ዊልበር ጋር የተሳፈሩት ዳሪል ፕሩትና ሚስቱ ፐርል ነበሩ። ዳሪል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ትከሻው በር ያህላል፤ በሕይወቱ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ጉዞው ፐርል ለልደቱ የገዛችለት ስጦታ ነው። ከወደቡ እስኪወጡ ድረስ አቶ ዊልበር ዳሪልን እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደሚተነፍስ አስተማሩት። ለሁሉም ሰናፍጭ የተቀባ ሳንድዊች አደሉ። "ብሉ እንጂ፣ ባዶ ሆድ ክር አይስብም" አሉ።

ደሴቶቹ አጠገብ ሮዌና ሞተሩን አጥፍታ ጀልባው በነፋስ እንዲንሳፈፍ ለቀቀችው። ብዙም ሳይቆይ የዳሪል የማጥመጃ ዘንግ እንደ ቀስት ጎበጠ።

"ያዘኝ! ኧረ ያዘኝ!" ብሎ ጮኸ ዳሪል፣ ማን ማንን እንደያዘ ተምታቶበት።

ከዚያ በኋላ ያላጠፋው ጥፋት የለም። ክሩን አላላ። ማጠንጠኛውን ወደ ኋላ አዞረ። ይባስ ብሎ "አንዴ ያዢልኝ፣ ሞቀኝ" ብሎ ዘንጉን ለፐርል ሰጣትና ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። ሮዌና መረቧን ይዛ ያቺን የአቶ ዊልበርን ዓረፍተ ነገር ጠበቀች። ጠበቀች። የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር።

ዞር ብላ አየች። አቶ ዊልበር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ፊታቸው ሊጥ መስሏል።

"አቶ ዊልበር፣ ዳሪል ክሩን አላላው እኮ!" አለች፣ ልትተነኩሳቸው።

"ግድ የለም" አሉ ቀስ ብለው። "ደህና ይዞታል።"

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አቶ ዊልበር ስታምፍ ማንም ሰው ምንም ነገር ደህና ይዟል ብለው አያውቁም።

መረቡን ወረወረችው። "ዳሪል፣ ክሩን ቁረጠው!"

"ምን? ካፒቴን፣ ዓሣው እኮ ደርሷል! እዪው!"

እውነቱን ነው። የሰው ክንድ የሚያክል ወርቃማ ዎልአይ ከጀልባው አጠገብ ብቅ ብሎ ነበር።

"ቁረጥ አልኩህ! ሰውየው ታመዋል!"

"ኧረ እሳቸው ምንም አላሉም!"

"ለዚህ ነዋ!"

ዳሪል ፈዞ ቀረ። ቢላዋውን አንስታ ክሩን የቆረጠችው ፐርል ነበረች።

ሮዌና አቶ ዊልበር ፊት ተንበረከከች። "ደረትህን ነው? አንተ! እየኝ እስኪ! ደረትህን ነው?"

"ትንሽ… ክንዴንም።"

በሬዲዮ እርዳታ ጠራች። አምቡላንስ ወደቡ ላይ እንደሚጠብቃቸው ነገሯት፤ አስፕሪን ካልተከለከለም አንድ ክኒን አኝኮ ይዋጥ አሏት። አቶ ዊልበር አልተከለከልኩም በሚል ራሳቸውን ነቅንቀው ክኒኑን ተቀበሉ፤ መቼ እንደተሠራ እንኳን ሳይጠይቁ አኘኩት። ሮዌና ይበልጥ የፈራችው ያኔ ነው።

ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጀልባው ማዕበሉ ላይ እየነጠረ በረረ። ዳሪል ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንዳይንገላቱ በዚያ ትከሻው ደግፏቸዋል፤ ዓሣውን ረስቶታል። ሮዌና ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል ወደ ኋላ ትጮሃለች።

"ዊልበር! እየሰማኸኝ ነው? ሞተሩ እንዴት ነው? ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ! ዓመት በመጣ ቁጥር ስትለፈልፍ ኖረህ ዛሬ ነው ዝም የምትለኝ?"

ፊቷን የሚያርሰው የሐይቁ ውኃ ብቻ አልነበረም።

ወደቡ የገባችው የማንንም ካፒቴን ፈቃድ በሚያስነጥቅ ፍጥነት ነው። ያ የሚያሾፍባት ጎረቤቷ አሁን ሳይስቅ ገመዱን ቀለበላት፤ ዳሪል አቶ ዊልበርን እንደ ሕፃን ታቅፎ አምቡላንሱ አልጋ ላይ አስተኛቸው።

ማምሻውን ሦስቱም ልብሳቸው ሳይደርቅ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ የተደፈነው የደም ሥር መከፈቱን ነገራቸው። "ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ…" አለና ሳይጨርሰው ተወው። አንድ ሰው ብቻ መግባት ይችላል አለ። ዳሪል ሮዌናን በክርኑ ገፋ አደረጋት።

አቶ ዊልበር በቱቦ ተከበው ተኝተዋል። ስትገባ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ወደቡ ስትገቢ" አሉ በቀጭን ድምፅ፣ "በጣም ፈጠንሽ።"

"ፈጠንኩ።"

"የሰው ጀልባ ሁሉ አናወጥሽ።"

"አናወጥኩ።"

"ማውራት የለባቸውም" አለች ነርሷ። "ይረፉ።"

"እሱን የሚያሳርፈው ይሄ ነው" አለችና ሮዌና ወንበር ሳበች። "በል፣ እንዴት ነበር መግባት የነበረብኝ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።"

አቶ ዊልበር በጥርጣሬ አዩአት። ሰው ምክር ጠይቋቸው አያውቅም። ዓይናቸው ውኃ ሞላ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቱቦ ያልተሰካበትን እጃቸውን አንስተው ወደቡን በአንሶላው ላይ በጣታቸው ይስሉ ጀመር። እዚህ ጋ መግቢያው፣ እዚህ ጋ ድልድዩ፣ እዚህ ጋ ደግሞ የመብራቱ ማማ።

ማማውን በተሳሳተው ዳር ነበር የሳሉት። ሮዌና ጎንበስ ብላ በጥሞና አየች።

"ልክ ነህ" አለችው። "ቀጥል።"